ጅራት ቆራጩ የቦርድ አባል

ሥራ የገባሁ ዕለት መላጊያዬን በፌስታል ይዤ ነው የሄድኩት። ደሴ ላይ በር፣ አልጋና ቁም ሣጥን ስሠራ የኖርኩ አናጢ ነኝ። ዲቪ ደርሶኝ ሲልቨር ስፕሪንግ አጎቴ ቤት ስገባ ከልብሴ ሌላ ይዤ የመጣሁት ያችኑ መላጊያ ነበር። አጎቴ ሁሴን ሊሞ ይነዳል። አንድ ቀን ከኤርፖርት ያሳፈረው ሽማግሌ ፈረንጅ፣ ቦርድ የሚልግ ሠራተኛ ጥሎኝ ሄደ እያለ ሲያማርር ሰማና፣ "የእህቴ ልጅ ቦርድ ሲልግ ነው ያደገው" አለው። አጎቴ ቦርድ ሲባል ጣውላ ነው የመሰለው። እኔም ጣውላ ነው የመሰለኝ።

ሽማግሌው ዴል ይባላል። ወርክሾፑ አሌክሳንድሪያ፣ ከባቡሩ ሐዲድ ጀርባ ጋራዦች በተደረደሩበት ግቢ ውስጥ ነው። በሩን ሲከፍትልኝ ወለሉ ነጭ፣ ግድግዳው ነጭ፣ የራሱም ጢም ነጭ። ወፍጮ ቤት የገባሁ መሰለኝ። ሁለት መቆሚያ ላይ ከእኔ ቁመት የሚረዝም ነጭ ነገር ተጋድሟል። "በል እስቲ እጅህን ልየው" አለኝ። መላጊያዬን አወጣሁና ጥድ እንደምልግ አድርጌ በሙሉ ጉልበቴ ገፋሁ። ለካ ፎም ነው። መሐል ለመሐል ቦይ አወጣሁለት።

"ይኼ ደግሞ የምን ዛፍ ነው?" ብዬ ጠየቅኩት፤ ከልቤ ነበር። ዴል መጀመሪያ ቦዩን አየ፣ ቀጥሎ እኔን አየ፣ ከዚያ ባልዲ ላይ ቁጭ ብሎ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። "ዛፍ ነው ብሎ በዚህ ልክ የሚታገል ሰው ከጠፋ ስንት ጊዜው" አለና ቀጠረኝ።

ሰርፍ ቦርድ ማለት ሰው ቆሞ በማዕበል ላይ የሚንሸራተትበት ሰሌዳ ነው። ይኼን ያወቅኩት ከተቀጠርኩ በኋላ ነው። ባሕር አይቼ አላውቅም፣ ዋና አልችልም። የማውቀው ትልቅ ውኃ ክረምት ላይ የሞላ ቦርከና ነው፤ እሱንም ያየሁት ከአውቶብስ መስኮት ነው። ይባስ ብሎ አሌክሳንድሪያም ማዕበል የለም። ውቅያኖሱ የሦስት ሰዓት መንገድ ነው። ደንበኞቻችን ከሰኞ እስከ ዓርብ ሥራ ውለው፣ ቅዳሜ ሲነጋ ሰሌዳቸውን መኪና ጣሪያ ላይ አስረው የሚሮጡ ሰዎች ናቸው። ዴል ራሱ የባሕር ዳር ሰው ነው፤ የጣናውን ማለቴ አይደለም። የመንግሥት ሠራተኛ አግብቶ ነው እዚህ የቀረው።

በሙያው ሦስት ማዕረግ አለ። ሳንደር በብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሳል። ግላሰር ፎሙን የፋይበርግላስ ጨርቅ ያለብስና ሲደርቅ እንደ ብርጭቆ የሚጠጥር ሬዚን ያፈስበታል። ሼፐር የሰሌዳውን ቅርፅ ያወጣል፤ አለቃ ማለት እሱ ነው። እኛ ዘንድ ሼፐሩም ግላሰሩም ዴል ነበር፤ ሳንደሩም ጠራጊውም እኔ። የመጀመሪያ ትእዛዙ አጭር ነበረች፤ "ከአፍንጫው እስከ ወገቡ እንደፈለግክ አለስልስ። ቅርፁ ላይ ግን፣ በተለይ ጅራቱ ላይ፣ እጅህን እንዳላይ።"

አፍንጫ የሚሉት የሰሌዳውን የፊት ጫፍ፣ ጅራት የሚሉት የኋላ ጫፉን ነው። አንድ ክንድ የማይሞላ ቦታ ናት። እኛ ደሴ ላይ ቁም ሣጥን ስንሠራ ጀርባውን ቸል እንላለን፤ ግድግዳ ይሸፍነዋል። ዴል ግን ጅራቷ ጋ ሲደርስ ሬዲዮኑን ይዘጋል፣ ስልኩን ያጠፋል፣ ትንፋሹን ይይዛል። "ለዚህች ቁራጭ ነው ይኼ ሁሉ?" አልኩት አንድ ቀን። "አፍንጫው ማዕበሉ ላይ ያወጣሃል። ከዚያ በኋላ ልታዘው የምትችለው በጅራቱ ብቻ ነው" አለኝ።

ስሞቻቸውን ለመያዝ የራሴ ዘዴ ነበረኝ። ዴል "ስኳሽ" ይላል። ስኳሽ የሚል ጽሑፍ ግሮሰሪ ውስጥ አይቼ አውቃለሁ፤ ዱባ ላይ ነው የተለጠፈው። ስለዚህ ዱባ ጅራት አልኩት። "ፒን" ሲል መርፌ ጅራት አልኩት። "ስዋሎ" ሲል፣ እንግሊዝኛዬ የሚያውቀው መዋጥን ብቻ ስለሆነ ዋጭ ጅራት አልኩት። ጫፉ በሁለት ተከፍሎ አፉን የከፈተ ስለሚመስል፣ ውኃ እየዋጠ የሚሄድ ነው ብዬ ብዙ ጊዜ አምኜ ኖርኩ። ስዋሎ ጅራቷ እንደ መቀስ የተከፈተች ትንሽ ወፍ መሆኗን፣ ስኳሽም ጫፉ የተጨፈለቀ ለማለት እንጂ ከአትክልት ጋር እንደማይገናኝ ዴል ሲነግረኝ አፈርኩ። ስሞቹን ግን አልቀየርኩም። እንዲያውም ዴል ራሱ "ዱባ" ማለት ጀመረ፤ ሲጠራት "ዱቧ" ነው የምትመስለው።

ልዩነታቸውን ያስተማረኝ በገንዳ ነው። የተጠገነ ሰሌዳ ውኃ ያስገባ እንደሆነ የምናይበት የፕላስቲክ ገንዳ ጥግ ላይ አለ። ከተጣሉ ሰሌዳዎች የተቆረጡ ጅራቶች ሰጠኝና "እየተጫንክ አስገባቸው" አለኝ። ዱባውን ስጫነው እጄን መልሶ ገፋው። መርፌውን ስጫነው ሹልክ ብሎ ገባ። ጠዋቱን ሙሉ እንደ ልጅ ስጫወት ዋልኩ፤ እስከ ደረቴ በሰበስኩ። ያን ቀን የገባኝ እስከ ዛሬ ይዞኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንደ ዱባው ያለ ሰፊ ጅራት ደካማ ማዕበል ላይ እንኳ ከፍ አድርጎ ይሸከማል፣ ይፈጥናል፤ ጫፉ ላይ ማዕዘን ስላለው ደግሞ ሲያዞሩት ከውኃው ቶሎ ይላቀቃል። ማዕበሉ ሲያይል ግን ያው መንሳፈፉ ጠላት ይሆንና ከኋላ ያንሸራትታል። መርፌ ተቃራኒው ነው። ውኃ ውስጥ ስለሚጠልቅ ትልቅና ገደል የመሰለ ማዕበል ላይ ጨምድዶ ይይዛል፤ ትንሽ ማዕበል ላይ ግን እንደ ሰነፍ አህያ ይለግማል። ክብ ጅራት መሐል ሰፋሪ ነው፤ ሲታጠፍ ለስለስ ብሎ፣ ሰፋ አድርጎ ነው። ዋጩ ስፋቱ በትንሽ ማዕበል ያስሮጠዋል፤ ሰውየው ሲያጋድል ደግሞ ካሉት ሁለት ጫፎች አንዱ እንደ መርፌ ይነክሳል። የእኛ ጠረፍ ማዕበል በሰመር አብዛኛውን ጊዜ ትንሽ ነው። ስለዚህ ብዙ ዱባና ብዙ ዋጭ ሠርተናል።

አንድ ስህተቴን ልንገራችሁ፤ አናጢ ካልሆነ በቀር ማንም አይሠራውም። ጥሩ አናጢ የዕቃን ጠርዝ ስል አድርጎ አይተወውም፤ ሕፃን ይቧጭራል። ዴል ጅራቱ አካባቢ የታችኛውን ጠርዝ ስል አድርጎ ትቶት አየሁና ረሳው ብዬ፣ በደቃቁ ብርጭቆ ወረቀት አሳምሬ አድበለበልኩለት። በሳምንቱ ደንበኛው ሰሌዳውን ተሸክሞ መጣ። "ውኃው አልለቅህ ይለኛል፤ ሙጫ ላይ የቆምኩ ነው የሚመስለኝ" አለ። ዴል ጠርዙን በጣቱ ዳሰሰና ወደ እኔ ዞረ። "ውኃው ከሰሌዳው ተቆርጦ የሚወጣው በዚያች ስለት ነው። ማነው ያዘነላት?" አለኝ። ሕፃን ይቧጭራል ብዬ ነው አልኩት። ደንበኛው ልጅ እንደሌለው ነገረኝ።

ሥራዬን ለቤተሰብ ማስረዳት ከሥራው ይከብድ ነበር። የአጎቴ ሚስት አክስቴ ፋጡማ "ሰይድ የት ገባ?" ብሎ ለሚደውልላቸው ሁሉ መልስ ይፈልጋሉ። "ሰርፍ ቦርድ ላይ ነው የምሠራው" አልኳቸው። ሰርፍ የምትለዋ በጆሯቸው አጠገብ አለፈች። ቦርድ ግን ያውቃሉ፤ የመስጊድ ቦርድ አለ፣ የዕድር ቦርድ አለ፣ የማኅበር ቦርድ አለ። ብዙም ሳይቆይ ከሀያትስቪል እስከ በልትስቪል ያለ ወሎዬ ሁሉ፣ ሰይድ ገና ከመምጣቱ የፈረንጅ ቦርድ ውስጥ መግባቱን ሰማ።

ጁምዓ ላይ ሰዎች ጫማ ማውለቂያው ጋ ይጠብቁኝ ጀመር። አንዱ ከአከራዩ ጋር ያለበትን ጭቅጭቅ እንድፈታለት ይፈልጋል፤ ሌላው ወንድሙን ቦርዱ ውስጥ እንዳስገባለት። "ኧረ እኔ ጅራት የሚቆረጥበት ቤት ነው የምሠራው!" ብዬ ስምል ነገሩ ባሰ። ጅራት ሲባል ሥጋ ቤት ነው የመጣላቸው። ለዒድ የበሬ ጅራት አስቀምጥልኝ ብሎ ኮል ያደረገኝ ሰው ብዛቱ! በመጨረሻ ሁለቱን ወሬ ያስታረቀ አንድ ጎበዝ ተነሣና "የሥጋ ቤቶች ቦርድ ውስጥ ነው" አለ። እምላለሁ፣ እገዘታለሁ፤ ትሕትናህ ነው ይሉኛል።

በዚህ መሐል ነው ሰሚራን ያገኘኋት። ክሪስታል ሲቲ አንድ የጥርስ ክሊኒክ ትሠራለች። ጥርሴን ልታጸዳ አፌን አስከፍታ "ጸጉርህ ላይ ያለው ነጭ ምንድነው? በረዶ ነው?" አለችኝ። አፌ ውስጥ መሣሪያ ስላለ መመለስ አልቻልኩም፤ መልሱን ልነግራት ብዬ ሌላ ቀን ተመልሼ ሄድኩ።

"ሰርፍ ቦርድ ነው የምሠራው" አልኳት።

"ኦ ማይ ጋድ፣ ሼፐር ነህ?"

"ሳንደር ነኝ።"

"ሶ ዋት? ያው ነው።"

ያው አይደለም። ግን የሥራዬን ስም አንዴ ሰምታ የገባት የመጀመሪያዋ ሐበሻ እሷ ናትና፣ አላረምኳትም። ወደድኳት። እሷም ወደደችኝ።

የሰሚራ አባት ሀጂ ይማም ይባላሉ። ዕድሜያቸውን ክሪስታል ሲቲ አጠገብ ካለው ኤርፖርት ታክሲ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ሀያትስቪል የሚኖሩ፣ ቃልና ሥራ ካልገጠመ እንቅልፍ የማይወስዳቸው ሰው ናቸው። አጎቴ ሁሴን ሁለት ሰው አስከትሎ ሽማግሌ ሆኖ ሄደልኝ። ከመሄዱ በፊት "አደራህን፣ ቦርድ የምትለዋን ቃል እንዳታነሣ" ብዬ ለመንኩት። አላነሣም። ያነሷት ሀጂ ይማም ራሳቸው ናቸው።

"ልጁ የቦርድ አባል ነው ሲባል ሰማሁ" አሉ።

አጎቴ ውሸት አይወድም፤ እውነቱንም በደንብ አያውቀውም። "አባል እንኳ አይደለም። ቦርዱን የሚሠራው እሱ ነው" አለ።

"ይሠራዋል ማለት? መሥራች ነው?"

"ኧረ የለም… ለጊዜው ያለሰልሳል።"

"ቦርድ የሚያለሰልስ ሰው አውቃለሁ" አሉ ሀጂ ይማም። "ለዚያኛውም እሺ፣ ለዚህኛውም እሺ የሚል ሰው ነው። ልጄን እንዲህ ላለ ሰው አልሰጥም።"

ይኼን ጊዜ ሰሚራ ከጓዳ ወጣች። "አባዬ፣ ፕሊስ! ሰው አይደለም፣ ዕቃ ነው! የባሕር ዕቃ!" ብላ ጮኸች። ሀጂ ይባስ ተናደዱ። "ሦስት ሽማግሌ መጥቶ ሰውና ዕቃ ካልለየልኝ፣ በዓይኔ ሳላይ ቃል አይወጣኝም" አሉና ሽማግሌዎቹን ሸኙ። አጎቴ ሲመለስ ወሬው ፊቱ ላይ ተጽፎ ነበር። ያንኑ ሌሊት የወርክሾፑን አድራሻ ለሰሚራ ላክሁላት።

ሀጂ ወርክሾፑን ሊያዩ የመጡት ዴል ለመጀመሪያ ጊዜ "ዛሬ ጅራቱን አንተ ትቆርጣለህ" ባለኝ ቀን ነው። ሰሚራ ነች የነዳችላቸው። ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ኮፍያቸውን አድርገው፣ ጫማቸውን አስወልውለው መጡ። ነጩ አቧራ ውስጥ ቆመው ዙሪያውን አዩ።

"ስብሰባው የታለ?" አሉኝ። በነገር ሊወጉኝ ነው።

"ሀጂ፣ ቦርዱ ይኼ ነው" አልኳቸው ፎሙን እያሳየሁ።

ጎንበስ ብለው መረመሩት። "አባላቱስ?"

"አንድ እኔ ነኝ፣ አንድ ዴል።"

ዴል እጁን በሱሪው ጠርጎ ዘረጋላቸው። ሀጂ ጨበጡትና የራሳቸውን እጅ አዩ፤ ነጭ ሆኗል።

የሰሌዳው ባለቤት ሪክም እዚያው ነበር። ሪክ የቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ ቁመቱ በር፣ ጎኑ ቁም ሣጥን። ስልኩ ላይ የሆነ ትልቅ ማዕበል የሚጋልብ ሰው አሳየንና "እንደዚህኛው፣ መርፌ ጅራት ይሁንልኝ" አለ። ዴል ወደ እኔ ዞሮ "ሥራው ያንተ ነው" አለ። ግድግዳው ላይ ከተሰቀሉት የእንጨት ቅርፆች የመርፌውን አወረድኩ። እጄ ግን ወደ ፎሙ አልሄድ አለኝ።

"ምን ያስቆምሃል?" አሉኝ ሀጂ።

እኔም በአማርኛ ከዱባ እስከ ዋጭ ያለውን ሁሉ አስረዳኋቸው። ቅርፆቹን አንድ በአንድ እያወረድኩ፣ ሰፊው እንዴት እንደሚሸከም፣ ጠባቡ እንዴት እንደሚሰምጥ። ሳያቋርጡ ሰሙኝ።

"ይኼማ ጎማ ነው" አሉ ስጨርስ። "ሰፊ ጎማ አሸዋ ላይ ይንሳፈፍልሃል፤ ጠባቡ በረዶውን ቀዶ አስፋልቱን ይይዛል። ሰውየው የት ነው የሚነዳው?"

"ኦሽን ሲቲ። በሰመር፣ ትንሽ ማዕበል ላይ።"

"ክብደቱን አይተኸዋል?"

"አይቼዋለሁ።"

"ታዲያ የምን መርፌ ነው?"

"ደንበኛው ነዋ ያለው፣ ሀጂ።"

"እኔ ስንት ዓመት ታክሲ ስነዳ ተሳፋሪ የሚነግረኝ የሚሄድበትን ነው፤ መንገዱን የማውቀው እኔ ነኝ። መድረሻውን ጠይቀው!" አሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው።

ሪክ ደነገጠ። "ምን አጠፋሁ? ስለ እኔ ነው የሚጣሉት?" ብሎ ዴልን ጠየቀው። ለካ ሰሚራ ነገሩን ሁሉ ለዴል ሹክ ብላው ኖሯል። "አትጨነቅ" አለው ዴል፣ "ቦርዱ ስብሰባ ላይ ነው።"

ሪክን ከሰሌዳው ምን እንደሚፈልግ ጠየቅኩት። ጆሮው ቀላ። "መቆም" አለ። "ስንት ጊዜዬ ነው፣ አንድ ቀን እንኳ ቆሜ አላውቅም። ሚስቴ ፎቶ ልታነሣኝ ትመጣና የውኃውን ፎቶ ይዛ ትመለሳለች።" ለመቆም የሚሆነው ዱባ ነው አልኩት። ዱባ የሚለው ስም አልጣመውም፤ ግን እሺ አለ።

የዱባውን ቅርፅ አሳርፌ በእርሳስ ከበብኩ። ፎሙን ለሁለት ከሚከፍለው ቀጭን የመሐል እንጨት ተነሥቼ ግራና ቀኙን ለካሁ። በእጅ መጋዝ ቆረጥኩ፣ በሞረድ ገራሁት፣ በብርጭቆ ወረቀት አበቃሁ። የታችኛዋን ስለት አልነካኋትም። ሀጂ ይማም አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ከኋላ አዩና "ግራው ይበልጣል" አሉ። እንደገና ለካሁ፤ እኩል ነው። "እንዳትዘናጋ ብዬ ነው" አሉ።

ሲወጡ በሩ ላይ ቆሙ። "ሥራህን አየሁ፤ አልዋሸህም። ሰሌዳው መሥራቱን ግን ሲሄድ ነው የማየው። ሰውየው ከቆመ አጎትህን ላክ። ካልቆመ ሽማግሌዎቹን አታድክም።"

"አባዬ፣ ዛት ኢዝ ሶ አንፌር!" አለች ሰሚራ። "ሪክ ቢወድቅ ሰይድ ምን አደረገ?"

"ለሪክ አይደለም እንዴ የሠራው?" አሉ ሀጂ፤ ነገሩ በዚያው ተዘጋ። የእኔ ትዳር በአንድ የቧንቧ ሠራተኛ እግር ላይ ቀረ።

ዴል ጨርቁን አልብሶ፣ ሬዚኑን አፍስሶ፣ አቅጣጫ የሚያስይዙትን ክንፎች ከሥሩ ተክሎ ሰሌዳው ሲደርቅ፣ ቅዳሜ ማለዳ በሁለት መኪና ኦሽን ሲቲ ወረድን። ባሕርን ያየሁት ያን ቀን ነው። ትልቅነቱን ነግረውኝ ነበር፤ ጩኸቱን ግን ማንም አልነገረኝም። ሀጂ ይማም ሙሉ ልብሳቸውን እንደለበሱ ታጣፊ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ዙሪያቸው ያለው ሰው ሁሉ ራቁቱን ለመሆን ትንሽ ነው የቀረው፤ እሳቸው ዓይናቸውን ከውኃው አላነሡም።

ሪክ በደረቱ ተኝቶ እየቀዘፈ ገባ። ትንሽ ማዕበል መጣች፤ ዱባው ከፍ አድርጎ ተሸከመው። ዴል "አየህ!" አለኝ። ሪክ ተነሣ፣ የሰሌዳው አፍንጫ ውኃ ውስጥ ተቀበረ፣ ሪክ በግንባሩ ተደፋ። ሌላ ማዕበል መጣች። ተሸከመው፣ ተነሣ፣ ተደፋ። እንዲህ እንዲህ እያለ ፀሐይዋ ከፍ አለች። ሚስቱ የውኃውን ፎቶ ታነሣለች።

"ጥፋቱ የጅራቱ ነው?" አሉኝ ሀጂ። ሰሚራ እጆቿን አፏ ላይ አድርጋ ቆማለች። አለቀልኝ አልኩ።

አሸዋው ላይ ተንበርክኬ ማየት ጀመርኩ። ሰሌዳውን ሳይሆን እግሩን። ሪክ በተነሣ ቁጥር ሁለቱም እግሮቹ ሰሌዳው መሐል ላይ ተጠጋግተው ነው የሚያርፉት። ያ የደከምኩበት ጅራት፣ የተለካው፣ የተሞረደው፣ ማንም ሳይቆምበት ባዶውን ከኋላ ይከተላል። ክብደቱ ሁሉ ወደ ፊት ነው፤ አፍንጫው ታዲያ ባይቀበር ነበር የሚገርመው።

"ሪክ! የኋላ እግርህን!" ብዬ ጮህኩ። ነፋሱ ወደ አፌ መለሰው። እየሮጥኩ ገባሁ፤ ውኃው ጉልበቴ ጋ ሲደርስ ዋና አለመቻሌ ትዝ አለኝ፤ ማዕበሉ አንድ ጫማዬን ይዞ ሄደ። እያነከስኩ ተመለስኩ። "ሀጂ! የኋላ እግሩን ወደ ጅራቱ ያድርግ፣ በሉልኝ!"

ሀጂ ይማም ሀያትስቪል መስጊዳቸው ውስጥ አዛን የሚያደርጉት እሳቸው ናቸው፤ ማይክ ሲበላሽ ማንም አያውቅም ይባላል። ከወንበራቸው ተነሡ፣ ኮታቸውን አስተካከሉ፣ እጃቸውን ወደ ጆሯቸው አነሡና ድምፃቸውን ለቀቁት፦ "ሪ—ክ! ባክ ፉት! ባ—ክ! ኦን ዘ ቴ—ል!"

ጠረፉ ሁሉ ዞረ። የነፍስ አድን ሠራተኛው ማማው ላይ ብድግ አለ። ከሪክ ወዲያ ማዕበል ሲጠብቁ የነበሩ ሁለት ልጆች ሪክ ባይሆኑም የራሳቸውን እግር አዩ። ሪክ እጁን አነሣ፤ ሰምቷል።

ቀጣይዋ ማዕበል መጣች። ሪክ ተነሣ፣ የኋላ እግሩን ጎትቶ ጅራቱ ላይ ተከለው። አፍንጫው ቀና አለ። ሰውየው ቆመ። እስከ ዳር ድረስ እንደ ቆመ መጣ፤ መሐል ላይ ክብደቱን ወደ ተረከዙ ሲያደርግ ሰሌዳው ታጠፈለት። እሱም መታጠፉን ሲያይ እንደ ሕፃን ጮኸ። ሀጂ "ማሻአላህ! ማሻአላህ!" እያሉ እስከ ውኃው ጫፍ ሮጡ። ሪክ ወጥቶ በእርጥብ ገላው አቀፋቸው፤ ሙሉ ልብሳቸው በጨው ውኃ ራሰ።

ኮታቸውን እየጨመቁ ወደ እኔ መጡ። "ጅራቱ ደህና ነው" አሉ። "እግሩን ግን የት እንደሚያሳርፍ ለምን አስቀድመህ አልነገርከውም?"

"ያውቃል ብዬ ነው፣ ሀጂ።"

"እኔ ባልጮህ ኖሮስ?"

ሰሚራን አየኋት፤ እያለቀሰች ትስቃለች።

"አጎትህን ላከው" አሉ። "ሲመጣ 'ጅራት ይቆርጣል፣ ጥሩ ይቆርጣል' ብሎ ይጀምር፤ ሌላ ነገር እንዳይጨምር።"

ዛሬ ዴል ወደ ጠረፉ ተመልሷል፤ ወርክሾፑ ውስጥ ቅርፅ የማወጣው እኔ ነኝ። አዲስ ወደ ሙያው ለምትገቡ የምለው አንድ ነገር ነው። ጅራት በራሱ አይሠራም፤ የኋላ እግር ሲያርፍበት ነው መሥራት የሚጀምረው። ሰሌዳውን ስታስረክቡ ደንበኛውን ወለል ላይ አቁሙት፣ እግሩን የት እንደሚያደርግ አሳዩት፣ ሳያደርገው አትልቀቁት። እኔ ለሪክ ባለማሳየቴ ሚስቴን ላጣ ነበር።